ላም አፍ የገባ እጅ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይሄን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። «የእንስሳት ባለሙያ ሆነሽ ከብት ትፈሪያለሽ ወይ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እንግዲህ እሱ ይምጣና አንድ የገረሴ ወይፈን ጆሮ ይያዝልኝ፤ ከዚያ እንነጋገራለን። ቀንድ እፈራለሁ፣ እርግጫ እፈራለሁ፣ ከኋላዬ ድንገት «እምቧ» ሲባል ልቤ ቀጥ ትላለች። የምኖረው ግን ጆሮ በመብሳት ነው። ምን ይደረግ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በጋሞ ደጋ ያለውን የአገር ዘር ከብት የሚያጠና ፕሮጀክት መጣና እኔን ቀጠረኝ። በየመንደሩ እየዞርን ከብቱ ጆሮ ላይ ቁጥር ያለበት ቢጫ ምልክት እንሰካለን። ምልክቱን የሚሰካው ፒንሳ በዚያችው ንክሻ ከጆሮው ምስር የምታህል ሥጋ ቆርጦ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይከታታል። ብልቃጧ የበረዶ ሣጥን ትገባለች፤ ሣጥኑ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ደግሞ የላሚቱን ዘር ከየት እንደመጣ ያያሉ። ሥራው ቀጭ! ነው፣ አለቀ። ግን ቀጭ ከማለቱ በፊት ያንን ሁሉ ጉልበት ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። የእኔ ያዥ ጋሽ አሞጽ ነበር።

ጋሽ አሞጽ የገረሴ ሰው ነው፤ ቤቱ ከከተማው ትንሽ ወጣ ብላ ያለች መንደር ውስጥ ነው። ዕድሜው ሃምሳን ሳይሻገር አይቀርም፣ ቁመቱ እምብዛም፣ ክንዱ ግን የቀርከሃ ጉማጅ ነው። የበሬውን አፍንጫ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ፣ በሌላው እጁ ቀንዱን ይዞ፣ ጆሮው ስር በጋሞኛ የሆነ ነገር ያንሾካሹካል። በሬውም እንደ ሕፃን ዝም ይላል። እኔ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ የአስተማሪ ልጅ ነኝ፤ ወላጆቼ ከሰሜን ቢመጡም ጋሞኛ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ገብቶኛል። ግን እሱ የሚያንሾካሹከው አይሰማም። አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«ምንድነው የምትለው?»

«‹ይሄ ልጅ ካንተ በላይ ፈርቷል፣ እዘንለት› ነው የምለው።»

መቼም ቀልደኛ ነው። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔም «አንተ» ነኝ፣ ላሟም «እሱ» ናት። «ሊሻን፣ አትፍራ! እኔ ይዤልሃለሁ!» ይለኛል። አንዴ ብቻ ነው የተጣላነው፣ በጓንት ምክንያት። እኔ ጓንቴን ሳላጠልቅ ወደ ከብት አልጠጋም። እሱ ግን ጓንት ያንሸራትታል ብሎ እንቢ አለ። እጁ በገመድ የተላጠ፣ የተሰነጣጠቀ፣ አንዱ ሲድን ሌላው የሚቆስል ነው። ጮህኩ፣ ተሳደብኩ፣ ጓንቱን ኪሱ ውስጥ በግድ ከተትኩ። በማግስቱ ጨው ቋጥሮበት አገኘሁት።

የእሱ መንደር ተራ የደረሰ ዕለት ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። ሰው ከብቱን እየነዳ ወጣ፤ እኛም ቀጭ ቀጭ ስናደርግ አረፈድን። ጋሽ አሞጽ በመንደሩ ሰው ፊት ትንሽ ጎረር ብሎ ነው የዋለው፤ ደስ ይላል ሰው በአገሩ ሲከበር። በመጨረሻ የራሱን ላም ለማስበሳት ወደ ግቢው ወሰደኝ። ቀይ ላም ናት፣ ጡቷ የሞላ። ከቤቱ ጥግ አንገቷን ዘርግታ ቆማለች። ከአፏ ለሃጭ ይዝረበረባል። ለመጮኽ ትሞክራለች፤ ድምፅዋ ግን የጎረነነ ነው፣ ሲያስል ያደረ ሰው ድምፅ ይመስላል።

«ምን ሆና ነው?» አልኩ።

«ድንች ነው። ትናንት ማሳ ገብቶ በላ፤ ጉሮሮው ላይ ቀርቷል።»

ይሄ በደጋ የተለመደ ነው። ከብት ድንች ወይም ፖም ሳያኝክ ይውጥና ጉሮሮው ላይ ይቀረቀርበታል፤ ለሃጩ ይወርዳል፣ ድምፁ ይዘጋል። በየሳምንቱ ነው የምሰማው። እንደዚያም ሆኖ «ተው፣ እጅህን አታስገባ፤ ምን እንደሆነ እንይ» አልኩት። ሚስቱ እትዬ አገኘሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ እንሰት ስትፍቅ ከነበረችበት ተነሥታ። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወደ ባሏ ታያለች።

«ልጄ፣ ድንች አላውቅም እንዴ?» አለና እጅጌውን ጠቅልሎ እጁን እስከ ክንዱ ከተተ። ላሟ አልታገለችም። ፈለገ፣ አገላበጠ፣ አወጣ። ለሃጩ በክንዱ ላይ እየወረደ፣ «የለም። ወርዷል ማለት ነው» አለና በሱሪው ጠረገው። ከዚያ አፍንጫዋን ያዘልኝ፣ እኔም ቀጭ አደረግሁ። ላሟ ቅንጣት አልተነቃነቀችም። ጆሮዋ ተቆርጦ ጭራዋን እንኳ አላወዛወዘችም። ከብት እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ብልቃጧን ሣጥን ውስጥ ከተትኩ።

ጥቂት ቀን እንዳለፈ አርባ ምንጭ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ አሞጽ ነው። እንደ ወትሮው «ሊሻን፣ አለህ?» አላለም።

«ላሙ አበደ» አለኝ።

ከቃል ሁሉ የምፈራት እሷን ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ሰውን የሚይዘው በለሃጭ ነው። የተነከሰ ብቻ አይደለም፤ ለሃጩ የቆሰለ እጅ ካገኘ ይበቃዋል። አንዴ ምልክቱ ከታየ፣ ውሃ አልዋጥ ካለ፣ ያ ሰው አለቀለት፤ በዓለም ላይ የሚያድነው ሐኪም የለም። ምልክቱ ሳይታይ በፊት ከተወጋ ግን ይድናል። እኔ ይሄን ሁሉ አውቃለሁ፤ ስልኩን ይዤ የታየኝ ግን በዚያ ክንድ ላይ ሲወርድ ያየሁት ለሃጭ ብቻ ነው። የፕሮጀክቱን ሾፌር ለምኜ ወደ ገረሴ ወጣን። መንገዱን ሙሉ «ድንች ይሁን፣ እመብርሃን፣ ድንች ይሁን» እያልኩ ሄድኩ።

ድንች አልነበረም። ላሟ ግንድ ላይ ታስራለች፤ ግንዱን በቀንዷ ትመታዋለች፣ ትወድቃለች፣ ትነሣለች፣ እንደገና ትመታዋለች። ዓይኗ ሰው አያይም። ቢጫው ምልክት ጆሮዋ ላይ ይርገበገባል። ያስደነገጠኝ ግን እሷ ብቻ አይደለችም። የመንደሩ ወንዶች ቢላዋቸውን ስለው፣ የእንሰት ቅጠል መሬት ላይ አንጥፈው ቆመዋል።

ክፋት አልነበረባቸውም፤ እንዲያውም ደግነት ነው። የጎረቤት ላም ገደል ገብታ ወይ ታማ ልትሞት ስትል፣ ሳትሞት ቶሎ አርደው ይከፋፈሏታል፤ ኋላ ሁሉም አዋጥቶ ለባለቤቱ ጊደር ይተኩለታል። ሰው ላሙንም ተስፋውንም ባንድ ቀን እንዳያጣ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን እሰየው እል ነበር። ያን ዕለት ግን ስጮኽ ድምፄ ራሱ የእኔ አይመስልም ነበር።

«ማንም እንዳይነካት! ቢላዋውን አስቀምጡ! ማንም!»

አንድ ሽማግሌ በትዕግሥት ቀረቡኝ። «ልጄ፣ የወንድማችንን ላም አፈር አናበላም። እንዲህ አይደረግም።»

«ዛሬ ይደረጋል አባ! እሷን ከበላችሁ ነገ እናንተን ነው አፈር የሚበላችሁ!»

ለሽማግሌ እንዲህ መናገሬን አባቴ ቢሰማ በጥፊ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «ያን ዕለት ከጆሮዋ የቆረጥሽው ሥጋ አለ አይደል? እሱ ይጠየቅ። እብደት መሆኑን እሱ ይነግረን የለም?» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የቆረጥኩት ሥጋ ዘሯን እንጂ ሕመሟን እንደማይናገር አስረዳኋቸው። «ታዲያ ምን ይጠቅማል?» አለ አንዱ ከኋላ። እውነቱን ነው፤ በዚያች ሰዓት ምንም አይጠቅምም ነበር።

ቀስ በቀስ ወሬው ተቀጣጠለ። ከሳምንታት በፊት አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ በመንደሩ አልፎ ነበር፤ አንዷ ከብቶቹ መሃል ሲገባ አይታዋለች፣ ሌላው በድንጋይ አባሮታል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ሥሩ ሲገኝ ወንዶቹ አንድ በአንድ ቢላዋቸውን ወደ አፎቱ መለሱ። ላሟ ከሰዓት በኋላ ወድቃ አልተነሣችም። ገመድ ጥለው ጎትተው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ከነምልክቷ ቀበሯት።

«አሁን ስሙኝ» አልኩ። «ከታመመች ወዲህ አፏን የነካ ማነው? ለሃጯን የነካ? እጁን የከተተ?»

ሁሉም ጋሽ አሞጽን አየ። ጋሽ አሞጽ መሬት መሬት ያያል።

ሳሙናና ውሃ አስመጣሁና እጁን ከክርኑ ጀምሮ ደጋግሞ እንዲታጠብ አደረግሁ። ውሃውን የምታፈስለት እትዬ አገኘሽ ነበረች። እሱ ሲጨርስ በተረፈችው ሳሙና እሷም ታጠበች። ከዚያ አርባ ምንጭ ጤና ጣቢያ ለምትሠራው ለሲስተር ሙባረካ ደወልኩ። መስመሩ እየተቆራረጠ አስቸገረኝ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ወደ ሰማይ ይዤ ነው ያወራሁት፤ ሰው ሁሉ ይሰማል።

«ያለን መርፌ ለአንድ ሰው የሚሆን ብቻ ነው» አለች ሲስተር ሙባረካ። «ተጨማሪ ጠይቀናል፣ መቼ እንደሚገባ ግን እንጃ። አንድ ሰው ከሆነ ዛሬውኑ ይምጣ። ስንት ናቸው?»

ስልኩን እንደያዝኩ ዞር አልኩ። «እትዬ አገኘሽ፣ አንቺስ አፏን ነክተሻል?»

እሷ ባሏን አየችው፤ ከዚያ እኔን። «እኔ ቆጮ ነው የምነካው» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም በዚያ ጭንቅ መሃል ፈገግ አልኩ፣ አምላክ ይይላት።

«አንድ ነው» አልኩ ለሲስተር ሙባረካ።

አሁን ደግሞ ጋሽ አሞጽ እንቢ አለ። ለካ ያ በሬ በሁለት ጣቱ የሚያቆም ሰው መርፌ ይፈራል! አጎቱን በዱሮ ጊዜ ውሻ ነክሶት በየቀኑ እምብርቱ ዙሪያ ሲወጋ፣ ሆዱ አብጦ ሲያቃስት አይቷል፤ ያ ሁሉ ተደርጎም ሞቷል። «ሆዴን አላስወጋም፤ የምሞት ከሆነ በደህና ሆዴ ልሙት» አለ። የዱሮው ቀርቷል፣ አሁን ክንድ ላይ ነው፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው እያልኩ ብማስን አልሰማ አለኝ። ተቆጥቼ ልጮኽበት ስል እትዬ አገኘሽ ከቤት ኮቱን ይዛ ወጣች፤ አንዱን እጁን ሰደደችለት፣ ሌላውን ሰደደችለት፣ ቁልፉን እስከ ላይ ቆለፈችለት።

«ሂድ» አለችው። ሄደ።

ቁልቁል ስንወርድ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። ጫሞ ሐይቅ ከሩቅ ብልጭ ሲል፣ «ሊሻን፣ ውሃ ያስፈራል ይላሉ፣ እውነት ነው?» አለኝ። «እሱ የታመመ ሰው ነው፤ አንተ አልታመምክም» አልኩት። ሐይቁን ትኩር ብሎ አየው። «ይሄን አክሎ ካላስፈራኝ ደህና ነኝ ማለት ነው» አለ። ሾፌሩ ሳቀ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ማልቀሴን እንዲያይ አልፈለግሁም።

ሲስተር ሙባረካ ክንዱ ላይ ወጋችው። «ይሄ ነው?» አለ ደንግጦ። «ይሄ ነው» አለችው። እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ በቀጠሮው ቀን ራሱ በመኪና እየወረደ ይወጋ ጀመር። አንድም ቀን አላስታወስኩትም፤ መርፌ ወዳጅ ሆነ። እኔ ግን ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ጠዋት ጠዋት እደውላለሁ።

«ውሃ ጠጣህ?»

«ጠጣሁ ዶክተር። ቦርዴም ጠጣሁ። አንድ ጣሳ ደግሞ ላንተ ጠጣሁልህ።»

እስቃለሁ፤ ስልኩን ስዘጋ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እላለሁ ለራሴ። ግን የጠረጠርኩት የተሳሳተውን ሰው ነበር።

ጋሽ አሞጽ መርፌውን እስኪጨርስ ሥራው አልቆመም። ሌላ ያዥ ይዤ ወደ ጎረቤት ቀበሌ ሄድኩ። እዚያ ጊደር ልንበሳ ስንቀርብ አንገቷን ዘርግታ ለሃጯን ስታዝረበርብ አየሁ። ወዲያው ፒንሳውን ጥዬ ወደ ኋላ ዘለልኩ፤ አጥር ላይ ወድቄ ቀሚሴ ተቀደደ። ሰዉ ሳቀብኝ። ባለቤቱ፣ «ድንች ነው፣ አሁን ስትውጥ አይቻታለሁ» አለና ወደ ቤት ዞሮ ሚስቱን ተጣራ። ሴትዮዋ ክንዷን ቅቤ እየቀባች ወጣች። «አይሆንም! ጓንት!» ብዬ እስክጮኽ እጇን ከታ አንድ ትልቅ ድንች አወጣች። ጊደሯ ሳል ሳል አደረጋትና ሣር መንጨት ጀመረች።

ላቤን እየጠረግሁ በቁጣ ባልየውን ያዝኩት። «አንተ ቆመህ ሚስትህን ታስነክሳለህ? አንተ ለምን አታወጣም?»

ሰውዬው ግራ ገባው። መልሱን የሰጠችኝ ሚስቱ ናት፤ ድንቹን እያሳየች። «የወንድ እጅ ወፍራም ነው፤ ጉሮሮ ይዘጋል። እኛ ጋ መጀመሪያ የሴት እጅ ነው የሚገባው። ሴቷ ፈልጋ ካጣች ነው ወንዱ በጉልበት የሚሞክረው።»

«በዚህ ቀበሌ?»

«እስከ ገረሴ ድረስ እንዲሁ ነው። ሚስት ያለው ወንድ ቀድሞ እጁን አይከትም፤ ይስቁበታል።»

መጀመሪያ የሴት እጅ። እትዬ አገኘሽ በበሩ ላይ ቆማ እጇን በቀሚሷ ስትጠርግ ታየችኝ። በተረፈው ሳሙና ስትታጠብ ታየችኝ። ያንን የጊደር ጆሮ ሳልበሳ፣ ሣጥኑንም ሳልዘጋ ወደ መኪናው ሮጥኩ።

ስደርስ እትዬ አገኘሽ ከቤቷ ጀርባ እንሰት ትፍቃለች። ግንዱን ሳንቃ ላይ አጋድማ፣ በአንድ እግሯ ረግጣ፣ በቀርከሃው ፍቅ ፍቅ ታደርጋለች። ጣቶቿን አየሁ፤ ሁሉም ተልጧል፣ አንዱ በጨርቅ ተጠምጥሟል። የእንሰት ፋቂ እጅ እንዴት ጤነኛ ይሆናል? ሰላም እንኳ አላልኳትም።

«ከእሱ በፊት እጅሽን ከትተሻል?»

መፋቋን አላቆመችም። «ማን ነገረሽ?»

«እትዬ አገኘሽ!»

«ያን ዕለት ጠዋት ነው፤ ላሟን ሲያስላት። ድንች መሰለኝ። የለም ብዬ ነገርኩት፤ አላመነኝም። ያንቺ እጅ አጭር ነው አለኝ።» ይሄን በጋሞኛ ነበር የተናገረችው፤ በቀስታ፣ ልክ ስለሌላ ሰው እንደምታወራ።

«ታዲያ ስጠይቅሽ ለምን ዋሸሽኝ?»

ቀርከሃውን አስቀመጠች። «ስልኩ ‹ለአንድ ሰው ብቻ ነው ያለው› አለ አይደል? ሁላችንም ሰማን። እኔ እጄን ከትቻለሁ ብል እሱ ይወጋ ነበር? አታውቂውም። ለእሷ ስጧት ብሎ ቁጭ ነው የሚለው። መርፌም ይፈራል፤ ምክንያት አገኘ ማለት ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ዝም አልኩ።»

«ከዚያስ? ከዚያስ እሺ?»

«ከዚያ በየቀኑ ውሃ እጠጣለሁ» አለች። «ማንም ሳያየኝ፣ እዚህ መጥቼ። ዛሬም ጠጥቻለሁ። ወርዶልኛል።»

አምላኬ! እኔ ጠዋት ጠዋት ለባሏ እየደወልኩ «ጠጣህ?» ስል፣ እሷ ከዚያው ቤት ጀርባ ብቻዋን ቆማ በጣሳ ሞቷን ስትመረምር ኖራለች። ሰደብኳት። አዎ፣ ሰደብኳት፤ ጅል አልኳት፣ ጨካኝ አልኳት፣ ከዚያ አንገቷን አቅፌ አለቀስኩ። እሷ የእንሰት ጭማቂ እንዳይነካኝ እጇን ወደ ጎን ዘርግታ ቆመች።

«ጣትሽን ያሳክክሻል? ይነዝርሻል? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ያሳክከኛል። እንሰት ሲፍቁ ያሳክካል» አለች።

የእንሰቱ ይሁን የሌላው በምን ልወቅ? በሽታውም የሚጀምረው ለሃጩ በገባበት ቦታ ነው፣ በማሳከክ። ጋሽ አሞጽ ሸክም ሣር ይዞ መጣ። «ሊሻን! መጣህ!» ብሎ ሊስቅ ሲል ፊቴን አየ። እትዬ አገኘሽ፣ «ለምን እንደዋሸሁ አትንገሪው» አለችኝ። ነገርኩት። ሣሩን ከትከሻው ያወረደው አይመስለኝም፤ ራሱ ነው የወደቀው። ቤት ገብቶ ነጠላዋን አምጥቶ አለበሳት፤ ወደ መኪናው እጇን ይዞ ወሰዳት።

መንገዱን ሁሉ እጇን አልለቀቀም። ጨርቅ የተጠመጠመባትን ጣት በመዳፉ ሸፍኖ ይዟል። ሐይቁ ሲታይ ማንም ቀልድ አልቀለደም። ሾፌሩ እንኳ ሬዲዮውን ዘጋ። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ጉሮሮዋን አያለሁ፤ ምራቅ ስትውጥ «ወረደላት» እላለሁ፣ ዘግየት ስትል ትንፋሼን እይዛለሁ። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም፤ ቀንዱም እርግጫውም ጨዋታ ነው ለካ።

ሲስተር ሙባረካ ታሪኩን ቆማ ሰማች። ብዙ ጠየቀቻት፦ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ፣ ውሃ። እዚያው ፊታችን አንድ ብርጭቆ ውሃ አስጠጣቻት። እትዬ አገኘሽ ጠጣች፤ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ጣቷንም ፈታ አየች። «የእንሰት ይመስላል፤ ግን መሐላ አልገባም» አለች። «ምልክት ካልጀመረ መርፌው አልረፈደበትም። ብዙ ወር ግን መጠበቅ ነው። እስከዚያ ማንም ‹ዳነች› እንዳይለኝ።»

ከዚያ ፍሪጁን ከፈተች። ከላይ እስከ ታች በዚሁ መድኃኒት ሞልቷል።

እትዬ አገኘሽ ወደ ፍሪጁ አየች። «ለአንድ ሰው ብቻ ነው ያለው ብላችሁ ነበር» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ።

«ያማ የዚያን ዕለት ነው እናቴ» አለች ሲስተር ሙባረካ መርፌውን እያዘጋጀች። «ብዙ ሳይቆይ ገባልን እኮ። ከዚያ ወዲህ አልጠፋም።»

እትዬ አገኘሽ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። በጋሞኛ ጠየቀችው።

«ታውቅ ነበር?»

ጋሽ አሞጽ ፍሪጁን አየ። «ለሁለተኛው መርፌ ስመጣ የመድኃኒቱ መኪና ደጅ ቆሞ ነበር። ሰው የለንም፣ አግዘን አሉኝ። ካርቶኖቹን ተሸክሜ ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ።»

«እጄን እንደከተትኩ እያወቅህ፣ ቤት መጥተህ አልነገርከኝም።»

«አልጠየቅሽኝማ» አለ።

እሷ ክንዷን ለሲስተር ሙባረካ ዘረጋች፤ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ።